ቡናው ላይ ቦታቸውን እንጠብቅላቸው

የመርሳት ሕመም ወደገባበት ቤት መምጣት የሚያቆመው መጀመሪያ እንግዳ ነው። ጎረቤት «እንዳላስቸግራቸው» ብሎ ይቀራል። ልጆችም «በሰው ፊት እንዳታፍር» እያሉ እናታቸውን ከቡናው፣ ከሰርጉ፣ ከለቅሶው ያስቀሯታል። በሽታው ገና ያልነጠቃትን ሰው እኛ እንነጥቃታለን።

እዚህ ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ በሐበሻውም በሶማሌውም ቤት የማየው ይህንኑ ነው። «ጃጅተዋል» ይባልና በሩ ይዘጋል። ነገሩ ግን የአንጎል ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ናቸው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ ችግርና ድብርትም ይህንኑ መስለው ሊመጡ ይችላሉ፤ እነሱ ይታከማሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪም ይያቸው።

ዋናውን ሕመም የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ሰው ግን አለ። በ1997 እ.ኤ.አ. ቤር ሚሰን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በኔዘርላንድ ሌይደን ከተማ «አልዛይመር ካፌ» ጀመረ። ታማሚ፣ አስታማሚና ባለሙያ አንድ ላይ ቡና ይጠጣሉ፣ ሙዚቃ ይሰማሉ፣ ስለ ሕመሙ ሳይደብቁ ያወራሉ። ሐሳቡ ብዙ አገር ደርሷል። እኛ ደግሞ ረከቦቱ ቤታችን አለ።

ሐርጌሳ ሌላም ሀብት አላት። በ1988 እ.ኤ.አ. ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ የሬዲዮ ሐርጌሳ ሰዎች የዘፈን ክሮችን መሬት ውስጥ ቀብረው አተረፉ። ዛሬ በከተማዋ የባህል ማዕከል ከ10 ሺህ በላይ ካሴቶች አሉ። ትናንት የሆነውን የረሳ ሰው የወጣትነቱን ዜማ ብዙ ጊዜ ያስታውሳል። የሶማሌ እናቶች ቡራንቡር የሚሉት የሴቶች ግጥም አላቸው፤ እኛ ትዝታ፣ መዝሙር፣ መንዙማ አለን። ከዜማው ጋር የጦርነቱና ኢትዮጵያ ውስጥ ወደሚገኘው የሐርትሼክ መጠለያ የተሰደዱበት ዘመንም ሊመለስባቸው ይችላል። ያኔ «ያ ድሮ ነው» ብሎ መከራከር አይጠቅምም፤ እጃቸውን ይዞ ማረጋጋት ይሻላል።

እንዲህ ያለ የቡና ሰዓት ለማሰናዳት ብዙ ነገር አያስፈልግም። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው አይለዋወጥ። ሰው አይብዛ፣ ድምፅ አይጩኽ። «አወቁኝ?» ብሎ መፈተን ይቅር፤ «እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ» ብለን እኛው እንንገራቸው። ቡናውን ይልቀሙ፣ ቄጤማውን ይጎዝጉዙ፣ ምርቃቱን ይስጡ። ስም የጠፋባት እናት ቡና መልቀም ላይጠፋት ይችላል።

አስታማሚዋንም እንያት። የዓለም ጤና ድርጅት ቤተሰብና ወዳጅ በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ለማስታመም እንደሚያውል፣ ከማስታመሙ ሰዓት 70 በመቶው በሴቶች ትከሻ ላይ እንደሆነ ይናገራል። ልጅ፣ ምራት፣ ሚስት ናት። «እግዜር ይስጥሽ» ስንላት ኖረናል፤ ያጣችው ግን እንቅልፍና የሚያዳምጣት ሰው ነው። እናትየው ቡና ላይ እያሉ እሷ ከመሰሎቿ ጋር የልቧን ታውራ፣ ወይም ትተኛ።

እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ሦስት ቀን ያስተዛዝናል። ያ ሁሉ ሰው ከዚያ በፊት የት ነበር? የእድር ዳኞች፣ የማኅበር ሙሴዎች፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን አባቶች ሆይ፦ በወር አንድ ከሰዓት ለእነዚህ ቤተሰቦች ስጡ። አንተም አንቺም የምታውቁት ቤት ካለ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ አስታማሚዋን «ሁለት ሰዓት እኔ አብሬያቸው ልቀመጥ፣ አንቺ ውጪ» በሏት።