ተራኪው የት ቆሞ ነው የሚያወራን?

በትምህርት ክፍላችን የሥነ ግጥም ኮርስ የወሰደ ሁሉ «አንጻር» እና «ድምፀት» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለፈተና ሸምድዷቸዋል ብል ማጋነን አይሆንም። አንጻር ታሪኩ በማን ዓይን ይታያል የሚለው ነው፤ ድምፀት ደግሞ ተናጋሪው ለሚያወራው ነገርና ለሰሚው ያለው ስሜት ነው። ትርጉሙን ማወቅ አይከብድም። ችግሩ የሚመጣው ግጥሙ ፊታችን ሲቀመጥ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ፣ ክፍላችንን ለሁለት የከፈለውን የአሜሪካዊውን ገጣሚ የሮበርት ፍሮስትን «አውት፣ አውት» የተሰኘ ተራኪ ግጥም ይዤ የበኩሌን ለማለት እሞክራለሁ።

ግጥሙ እ.ኤ.አ. በ1916 የታተመ ሲሆን 34 ስንኞች አሉት፤ ቤት አይመታም። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1910 በኒው ሃምፕሻየር የደረሰ እውነተኛ አደጋ ነው፤ ፍሮስት ግን ታሪኩን ቨርሞንት ወስዶታል። አንድ የአዋቂ ሥራ የሚሠራ ልጅ በግቢ ውስጥ በሞተር መጋዝ እንጨት ሲሰነጥቅ ይውላል። አመሻሽ ላይ እህቱ ለእራት ስትጠራቸው መጋዙ እጁን ያገኘዋል። ልጁ እጁ እንዳይቆረጥ እህቱን ይለምናል። ሐኪም መጥቶ በኤተር ያስተኛዋል፤ የልቡ ትርታ እየደከመ ሄዶ ያርፋል። ሰዎቹም ወደየሥራቸው ይመለሳሉ። አለቀ።

ክርክሩ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። ግማሹ ክፍል «ተራኪው ጨካኝ ነው፤ አንዲት የእንባ ጠብታ እንኳ የለውም» አለ። ሌላው ደግሞ «የለም፣ ይሄ ሁሉን አወቅ ተራኪ ነው፤ ሥራው ማውራት እንጂ ማልቀስ አይደለም» አለ። ለእኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ምክንያቴን ከግጥሙ ላሳይ።

አንደኛ፣ ተራኪው ሁሉን አወቅ አይደለም። አደጋው እንዴት እንደደረሰ ሲናገር መጋዙ ራሱ የዘለለ አስመስሎ ይጀምርና ወዲያው ይጠራጠራል፤ ልጁ እጁን ሰጥቶ ይሆናል ይላል፤ ከዚያ ያም ሆነ ይህ ብሎ ያልፈዋል። ሁሉን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያመነታም። ይህ አደጋ የደረሰበት ሰፈር ሰው አነጋገር ነው። ሁለተኛ፣ «እኔ» የሚለው ድምፅ በግጥሙ ውስጥ ብቅ የሚለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ምነው ልጁን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው በለቀቁት ብሎ ሲመኝ ነው። ጨካኝ ሰው ታዲያ እንዲህ ያለ ምኞት ከየት ያመጣል? ሦስተኛ፣ ድምፀቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ አይደለም። ሲጀምር የእንጨቱን ሽታ፣ የተራሮቹን ሰንሰለት፣ የምትጠልቀውን ፀሐይ እያነሳ በዝግታ ያወራል። ሞቱ ጋ ሲደርስ ዓረፍተ ነገሩ ይቆራረጣል። ሳግ የያዘው ሰው እኮ እንደዚያ ነው የሚያወራው።

ርዕሱንም አንርሳ። የተወሰደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሰው ከሼክስፒር «ማክቤዝ» ነው፤ ማክቤዝ የሚስቱን ሞት ሰምቶ ሕይወትን በሻማ ከሚመስልበት ቦታ። ይህን የመጋዙ ግቢ ሰዎች አይሉትም። ገጣሚው ከተራኪው ራስ በላይ ያስቀመጠው ሌላ ድምፅ ነው። ስለዚህ ገጣሚና ተራኪን አንድ አድርገን ፍርድ መስጠት አያዋጣም።

ግጥሙን ለክፍል ሥራ ወደ አማርኛ ስመልስ ከሁሉ ያስቸገረኝ መጨረሻው ነው። በእኛ ቋንቋ ግሱ ራሱ ባለቤቱን ይናገራል። «ተመለሱ» ካልኩ ተራኪው ከሰዎቹ ተለይቶ ቆሟል፤ «ተመለስን» ካልኩ አብሯቸው ሄዷል። ፍሮስት የመረጠው «እነሱ» የሚለውን ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ላንሳ። አገር ቤት የአክስቴ ልጅ በ14 ዓመቱ የወፍጮ ቺንጋ ጋቢውን ይዞ ጎትቶት ነው የሞተው። ለቅሶ ሦስት ቀን ተቀመጥን። በአራተኛው ቀን ወፍጮው ሥራ ጀመረ፤ እህል የጫኑ አህዮች ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፈው ነበር። እኔም ደብተሬን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ይህን ለጓደኞቼ ሳወራ ሁልጊዜ «ሰዉ ወደ ሥራው ተመለሰ» እላለሁ፤ ድምፄ ውስጥ ቁጣ አለ። ባለፈው ክረምት አክስቴን «እትዬ፣ ያን ጊዜ ሰዉ ወዲያው ሲመለስ አልከፋሽም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ኅዳር እኮ ነበር ልጄ» አለችኝ። «ጤፉ እየረገፈ ማን ይቀመጣል? ተመለስን እንጂ። ሳምንት ሳይሞላኝ ማጭዴን ይዤ ወጥቻለሁ።»

አንድ ነገር ነው የሆነው፤ ተናጋሪው ግን ሁለት ነው። በእኔ «ተመለሰ» ውስጥ ወቀሳ አለ። በእናትየው «ተመለስን» ውስጥ ወቀሳ የለም፤ ሐዘኑ ግን ከእኔ ይከብዳል። ልዩነቱ ያለው ግሱ ጫፍ ላይ ነው።

እንግዲህ የፍሮስትን ተራኪ የማነበው በዚህ መንገድ ነው። ልጁን ይወደዋል፤ ምኞቱ ይመሰክራል። ቅዝቃዜው የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ወደ ሥራቸው ከተመለሱት ሰዎች ራሱን ሲያወጣ ነው። «እኛ» ማለት አልቻለም። ይህን ቅዝቃዜ ምሬት ነው ማለት ይቻላል፤ የኑሮን ሐቅ መቀበል ነው ማለትም ይቻላል። እኔ ወደ ምሬቱ አደላለሁ፤ ጤፍ የሚረግፍበት ሰው እንዲያ ርቆ ለመቆም ጊዜ የለውምና። ትርጉሜንም በ«ተመለሱ» አስረክቤያለሁ።

ውድ የክፍላችን ተማሪዎች፣ ፈተና ላይ «ሦስተኛ መደብ» ብሎ ጽፎ ማለፍ ነጥብ ያስገኝ ይሆናል። ግን እስቲ አንድ ተራኪ ግጥም አንሱና የመጨረሻውን ግስ ከ«እነሱ» ወደ «እኛ» ቀይራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የሚቀየረውን ነገር ጆሯችሁ ቀድሞ ይሰማዋል፤ ስሙን ከዚያ በኋላ ብታወጡለት ይደርሳል።