ስምና የአባት ስም

ባለፈው ክረምት አያቴ ዛሬ እምብዛም የማይነገሩ አራት መቶ ያህል የአማርኛ ቃላት ነገሩኝ፤ እኔም ጽፌና አሳትሜ ላመጣላቸው ቃል ገባሁ። «ተራው ግን በአበገደ ይሁንልኝ፤ የለመድሁት እሱን ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.)፣ የደስታ ተክለ ወልድም (1962 ዓ.ም.) የተደረደሩት በአበገደ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ምንም ባደርገው በሀለሐመ ይደረድርብኛል።

ይህን ልደታ ለሚኖር ለአንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኛዬ ባማርርለት፣ «በስሙ አልጠራኸውማ» አለኝ። የእሱ ኮምፒዩተር የሚሠራው ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ነው። በዚያ ውስጥ ለየቋንቋው አንድ ፋይል አለ፤ የቀኖችና የወሮች ስም፣ የገንዘቡ ስም፣ የፊደሉም ተራ በእሱ ይወሰናል። የፋይሉ ስም ደግሞ እንደ ፈቀዱ የሚወጣ አይደለም፤ መጀመሪያ የቋንቋው ምልክት በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ ቀጥሎ ከሥር የተሰመረ ሰረዝ፣ ከዚያም የአገሩ ምልክት በትልልቅ ፊደል። የእኛው «ኤ ኤም» ብሎ «ኢ ቲ» ይላል። አማርኛ ዘኢትዮጵያ መሆኑ ነው፤ ስምና የአባት ስም።

ዝርዝሩን ወደ ታች ስናነብ ትግርኛ አንዱ በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው በኤርትራ ስም ተመዝግቧል። ኦሮምኛ የኢትዮጵያና የኬንያ ሲባል፣ ሶማልኛማ አራት አባት አለው። (ሰው ቢሆን ጉድ ይባል ነበር፤ ቋንቋን ግን ድንበር ሲሰመር ማን ጠየቀው?) ወላይትኛና ሲዳምኛ ባለ ሁለት ፊደል ምልክት ስላልደረሳቸው በሦስት ፊደል ይጠራሉ። ግዕዝም እንዲሁ በሦስት ፊደል ነው። ግዕዝ ላይ ስንደርስ ግን ከአገሩ ስም ኋላ፣ በኢሜል አድራሻ ውስጥ የምናውቀው ክብ ምልክት አለና ከእሱ ቀጥሎ እንደ ክርስትና ስም ያለ አንድ ቃል በላቲን ፊደል ተጽፎ አየሁ፤ «አበገደ» ይላል። ከወንበሬ ተነሣሁ!

ለአማርኛ ግን ብንፈልግ፣ ብንፈልግ፣ ያው አንድ ፋይል ብቻ።

«ረስተውናል» አልሁ።

«እነማን?» አለኝ። «ፋይሉ እኮ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ማንም ጽፎ ማቅረብ ይችላል። ስሙ እንኳ በደንቡ ተዘጋጅቶልሃል፤ ከአማርኛው ኋላ አበገደን መቀጠል ብቻ ነው።»

አፈርሁ። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ማሽኑ የባዕድ ነው እያልን ስንት ሻይ ጠጥተናል!

የግዕዙን ገልብጠን እንዳንገላገል ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ በግዕዝ የሉም። ሸ ከሰ ኋላ፣ ቸ ከተ ኋላ ትግባ ተባባልን። ጀን ከደ ኋላ ካደረግን በኋላ እስከ ምሽት ተከራከርንባት። በመጨረሻ ወደ አያቴ ደውዬ ተራውን በሙሉ አነበብሁላቸው። ዝም ብለው አዳመጡና፣ «ቨስ?» አሉኝ።

ቨን ረስተናት ኖሯል።