አስናቀ ይሙት ወይስ ይታሰር?

«ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ በኢቴቪ ይተላለፍ በነበረበት ጊዜ፣ በክፉው ገጸ ባሕርይ በአስናቀ ጉዳይ ግቢያችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ «አስናቀ ይሙት» ባይና «ይታሰር» ባይ። የዕለቱ ክፍል እንዳለቀ ቡና ይቀርባል፤ ክርክሩም ይደራል።

«እኔ ደራሲ ብሆን ዛሬውኑ እገላግለው ነበር!» ይላሉ እማማ፣ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ እየደረደሩ።

«ኧረ እማማ! እሱ ከሞተማ ድራማው ምን ቀረው?» ትላለች እህቴ። «ደግሞ ሞት ለሱ እረፍት ነው። የሠራውን እያሰበ ይኑር እንጂ።»

ጥግ የተቀመጡት ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጋሉ። «እኔ የምፈራው እንዳያመልጥ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው መቼ በቀላሉ ይያዛል?»

ቤቱ ጸጥ ይላል። ነገሩ ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ የእኛው ኑሮ ውስጥ ገብቷላ!

አንድ ምሽት ልክ ምስጢሩ ሊወጣ ሲል መብራት ጠፋ። ሻማ ለኩሰን የቀረውን ታሪክ እኛው ፈጠርነው። ጀበናው ገንፍሎ ፍሙን ሲያጠፋው እንኳ ልብ ያለ አልነበረም።

አስናቀን ሆኖ የተጫወተውን አበበ ባልቻን እንዲያ የጠላነው ጥበቡ ስለረታን ነው። ዛሬ ድራማውን ሁሉ በየስልካችን፣ በዩቲዩብ፣ ለየብቻችን እናያለን። ያኔ ግን አንድ ያልተፈታ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤት ያገናኝ ነበር። ስለ ፍትሕና ስለ ይቅርታ መጀመሪያ አጥብቄ ያሰብኩት በዚያ ረከቦት ዙሪያ ነው። የናፈቀኝም ድራማው ብቻ አይደለም፤ «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» ብለን አብረን መጠበቃችን ነው።