ሩቅ የምትሄድና የምትቆም ኳስ

በዚህች መጽሔታችን ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞትና ስለ ክረምት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጎልፍ ኳስ ግን ትንፍሽ ያለ አላየሁም። «የዲፕሎማትና የሀብታም ጨዋታ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ይኸውላችሁ፣ እኔ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ደብተርና ጫማ የገዛሁት በዚያች ነጭ ኳስ ነው። ከሜዳው አጥር ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር የጠፋችውን እየለቀምን፣ አጥበን እንሸጥ ነበር፤ ከፍ ስንል ደግሞ ካዲ ሆነን ቦርሳ ተሸከምን።

ኳስ ሁሉ አንድ ይመስላል አይደል? ሕጉስ ለሁሉም አንድ ነው፤ ክብደቷ ከ45.93 ግራም አይበልጥም፣ ወርዷ ከ42.67 ሚሊሜትር አያንስም። ጉዱ ያለው ልብሷ ላይ ነው። ደረቅ ፕላስቲክ የለበሰችው ሲሚንቶ ላይ ስትጣል ቀጭ ትላለች፤ ስትመታ ብዙ ስለማትሾር ሩቅ ትበራለች፣ ወደ ጎንም አትጣመምም። ዩሬቴን የሚባለውን ለስላሳ ሽፋን የለበሰችው ግን በጥፍር ሲጫኗት እሺ ትላለች፤ በአጭር ዱላ ስትመታ የዱላው ፊት ይነክሳታል፣ እንደ እንዝርት ወደ ኋላ እየሾረች ትወርድና ጉድጓዱ አጠገብ ትቆማለች። ዋጋዋ ግን አይቀመስም።

የጥንቶቹ ስኮትላንዶች ቆዳ ውስጥ ላባ ጠቅጥቀው ይጫወቱ ነበር። ጉታ ፐርቻ የሚባለው የዛፍ ሙጫ ኳስ በ1848 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲመጣ ገላዋ ልሙጥ ነበር። ኋላ ግን ከአዲሷ ይልቅ በዱላ የተፈነከተችው አሮጌዋ ደኅና እንደምትበር አዩ። የዛሬው ስርጉድጉድ ገላዋ የዚያ ጠባሳ ልጅ ነው። (ይህ ለታሪክ ክፍል ጓደኞቼ ጉርሻ ነው።)

አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። አየሩ ስስ ነው፤ የትኛዋም ኳስ ከባሕር ዳር አገር ይልቅ እዚህ ሩቅ ትሄዳለች። ግን ያው ስስ አየር የመሾሯን ኃይል ይቀንስባታል፤ ቁልቁል በመውረድ ፈንታ ጋደም ብላ ትወርድና ትሮጣለች። እንግዲህ ርቀቱን አገሩ በነጻ ከሰጠ፣ በገንዘብ የሚገዛው መቆሟ ነው ባይ ነኝ።

ጋሼ የምንላቸው አንድ ጡረተኛ ነበሩ። ሁልጊዜ «ሩቅ የምትሄደዋን አምጡ» ይላሉ። ትሄዳለች፤ ግሪኑን አልፋ ባሕር ዛፉ ውስጥ ትገባለች። እኛ ማታ ለቅመን ቅዳሜ መልሰን እንሸጥላቸዋለን። አንዲቱን ኳስ ሦስቴ ገዝተዋታል ብል አታምኑኝም። የጋሼ ምርጫ ለሠፈራችን ልጆች እንጀራ ነበር።

አንድ ቀን ቦርሳቸውን ይዤ ሳለ አላስችለኝ አለ።

«ጋሼ፣ ይቺን ለስላሳዋን ይሞክሯት፤ ትቆምልዎታለች።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ መሄድ እንጂ መቆም መች ቸገረኝ? ጉልበቴ ራሱ ቆሞልኝ የለ!»

ሳቁ፤ ግን ወሰዷት። በረጅሙ ዱላ ጥቂት ርምጃ አነሰች፤ ግሪኑ ላይ ግን ሁለቴ ነጥራ ቆመች። ምንም አልተናገሩም፤ አንስተው በመሐረባቸው ጠረጓት።

ልጆቹ ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። «እንጀራችንን ዘጋኸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያን ወር የለቀምነው ኳስ አንሷል። እኔ ግን የሰው ቦርሳ ተሸክሜ ኳሱ እንዲጠፋ መጸለይ አልሆነልኝም።

ኋላ ጋሼ የራሳቸውን ዘዴ አመጡ፤ ለረጅሙ ጉድጓድ ደረቋን፣ ለአጭሩ ለስላሳዋን። ለወዳጅ ጨዋታ ማን ይከለክላቸዋል? እኔ አልወደድኩትም። እጅ አንዲት ኳስ መልመድ አለበት፤ ጉድጓዱ አጠገብ ቀስ ተብላ ስትነካ እንኳ ደረቋ ቶሎ ትፈተለካለች። ኳስ ለመምረጥ መጀመሪያ ከጉድጓዱ ሥር ሞክር፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየራቅህ ሂድ፣ ረጅሙን ዱላ መጨረሻ አውጣ እላለሁ። ይህንኑ ለጋሼ ስነግራቸው «የተገላቢጦሽ!» አሉና ረጅሙን ዱላ ከቦርሳው መዘዙ።