ያልታለበችው ላም

ለገዳዲ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ የወንጀል ምርመራ ድራማ ጻፍኩ። ዘመኑ 1926 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሊወረን ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። በደሴ መንገድ አንድ ነጋዴ ተገድሎ በቅሎው ተወስዷል። ጭቃ ሹሙ አገሬውን ለአፈርሳታ ሰብስቧል። ጀግናዬ የአራዳ ዘበኛ ነው። መሀል ገብቶ፣ «ማንም ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ነው! ሴቶችም እኩል ይደመጡ!» ይላል። ጽፌ ስጨርስ ዕንባዬ መጥቶ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ሰማንያን ለተሻገሩት አከራዬ አነበብኩላቸው።

«እንዴት ነው፣ አባባ?»

«ልጁስ ጎበዝ ነው። ግን ይኼ የቀበሌ ካድሬ እንጂ የአራዳ ዘበኛ አይደለም።»

አፈርሳታን በልጅነታቸው አይተውታል። አጥፊው ሲጠፋ ያገሩ ሰው ሜዳ ላይ ወጥቶ «ወፍ» ነገሩን እስክታወጣ ይታገዳል። ወፏ በምስጢር የሚጠቁም ሰው ናት። የቀረ ይቀጣል፤ ሌባው ካልተገኘ ዕዳውን አገሬው ይከፍላል። እሳቸው ያዩበት ሜዳ ዛሬ አዲስ አበባ ከምትጠጣው የለገዳዲ ግድብ ውኃ ሥር ነው።

«እናቴም እንዳንተ ዘበኛ አፈርሳታን ትጠላው ነበር፤ ንግግር ግን አታውቅም» አሉኝ። «‹ላሜ ሳትታለብ አደረች፣ ልቀቁኝ› ነው ያለቻቸው። ወፍ ሆኖ የጠቆመው ደግሞ ከአባቴ ጋር በወሰን የሚካሰስ ሰው ነበር።»

ያኔ ገባኝ። የአፈርሳታን ግፍ ለማሳየት የዛሬን ሰው ወደ ኋላ መላክ አያስፈልገኝም ነበር፤ የታገዱበት ሰዎች ከኔ በላይ ያውቁታል። እኔ ግን እነሱን ዝም አሰኝቼ ዘበኛዬን አስለፈለፍኩት።

ሌላም ጥፋት ነበረብኝ። ዘበኛው ያደገው በመኳንንት ቤት ነው። ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ አዋጅ በ1916 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ባለ ቤት ቡናውን የምታፈላው ማን እንደነበረች አውቅ ነበር። ጀግናዬ እንዳይጠላብኝ ብዬ ሰረዝኳት።

የዛሬን ሰው ወደ ኋላ በመላክ ፈረንጆቹም ይፈተናሉ። «ሚስ ስካርሌት» የተባለው ድራማ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የምትሠራ ሴት መርማሪ ያሳያል። በእንግሊዝ ግን የማሰር ሥልጣን ያላት የመጀመሪያዋ ሴት ፖሊስ ኤዲት ስሚዝ የተሾመችው በ1915 እ.ኤ.አ. ነው። ድራማው እኔን የሚይዘኝ መርማሪዋ ስትረታ ሳይሆን ወንዶቹ በር ሲዘጉባት ነው፤ ዘመኑ ያለው እዚያ በር ላይ ነውና።

እንደገና ጻፍኩት። አሁን ሰዉን የሚያግደው ራሱ ዘበኛው ነው፤ ሥራው ነዋ። ቡና የምታፈላዋም ተመልሳለች፤ ስሟን ግን አይጠይቃትም። ማምሻውን ከማዶ ላም ትጮኻለች። ዘበኛው እንዳልሰማ ይሆናል።

አባባ አዳምጠው ሲጨርሱ ያረሙኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የላሟን ስም።