ስለ አንጎል ቍስል የደከሙ ሊቅ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚለው ተረት ከአካል ክፍል ሁሉ ይልቅ ለአንጎል የተነገረ ይመስላል። እጅ ወይም እግር ቢቈስል ቍስሉ ይሽራል፤ ጠባሳውም ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀራል። በጥይት ወይም በአደጋ የተጐዳ አንጎል ግን፣ ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ወደ ሥራው ከተመለሰ ከዓመታት በኋላ እንኳ፣ ከጠባሳው የተነሣ የሚጥል በሽታ ሊያመጣበት ይችላል። የዚህን ምክንያት በመመርመር ዕድሜያቸውን ከፈጸሙት ሊቃውንት አንዱ ዶክቶር ዋይልደር ፔንፊልድ ናቸው፤ የተወለዱትም በአሜሪካ አገር በ1891 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)።

በ1924 ወደ ማድሪድ ሄደው፣ ከእስፓኛዊው ሊቅ ከፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ዘንድ የአንጎልን ሕዋሳት በብር ቅመም እያቀለሙ በማይክሮስኮፕ መለየትን ተማሩ። በዚህም ጥበብ በነርቭ ሕዋሳት መካከል ሆነው የሚደግፏቸውን ረዳት ሕዋሳት መረመሩ። እነዚህ ሕዋሳት ቍስል ሲደርስ ጠባሳ ይሠራሉ፤ ብዙ የአንጎል ዕጢዎችም እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ያለ ልክ ሲበዙ ይፈጠራሉ። ስለዚህ የቍስልና የዕጢ ምርመራ ለዶክቶር ፔንፊልድ አንድ ትምህርት ሆነላቸው። በ1928ም በብሬስላው ከተማ ከዶክቶር ኦትፍሪድ ፈርስተር ጋር ሆነው ከቍስለኞች አንጎል የወጡትን ጠባሳዎች አጠኑ።

በዚያው ዓመት በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ ሥራ እንደ ጀመሩ፣ ታላቅ እኅታቸው ሩት ታማ መጣች። በግንባሯ በስተቀኝ፣ በአንጎሏ ውስጥ ትልቅ ዕጢ ተገኘባት። ወንድምየው በገዛ እጃቸው ኦፕራሲዮን አደረጉላት፤ የቀኙን የፊት አንጎል አብዛኛውን ክፍል ቢያወጡም፣ ዕጢው ወደ ውስጥ ዘልቆ ስለ ነበረ ሁሉንም ማንሣት አልተቻላቸውም።

ሩት ወደ ልጆቿ ተመለሰች። ንግግሯ ያማረ፣ ትዝታዋም የተጠበቀ ስለ ነበረ፣ ያያት ሁሉ ምንም አልጐደለባትም ሊል ይችል ነበር። ዐሥራ አምስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ግን፣ ለአንድ እንግዳና ለአራት ቤተ ሰቦቿ እራት ለማዘጋጀት ቀኑን ሙሉ ለብቻዋ ደከመች። ሰዓቱ ሲደርስ የሚበስለው ሁሉ በማድ ቤቱ ነበረ፤ በምድጃው ላይ የተጣደው ግን አንድ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሥጋው ገና አልተጀመረም፤ እርሷም ግራ ተጋብታ ተጨንቃ ተገኘች። የሚረዳት ሰው በአጠገቧ ሲኖር መሥራት አላቃታትም፤ የሚቀድመውንና የሚከተለውን ለይቶ ማሰናዳት ግን ተሳናት። ሕመሙ ተመልሶባት በ1931 ዐረፈች። ዶክቶር ፔንፊልድም ይህን ሁሉ እንደ ቤተ ሰብ ምሥጢር አልሸሸጉትም፤ በ1935 ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ ለሐኪሞች ትምህርት እንዲሆን አወጡት።

ኀዘኑም ከሥራቸው አላስቀራቸውም። በ1934 ሕክምናና ምርምር በአንድ ጣራ ሥር የሚካሄድበትን የሞንትሪያል የነርቭ ሕክምና ተቋም አቋቁመው እስከ 1960 መሩት። አንጎል ራሱ ሕመም ስለማይሰማው፣ የራስ ቅሉን ቆዳ ብቻ አደንዝዘው፣ በሽተኛው ነቅቶ እየተነጋገረ አንጎሉን በደካማ ኤሌክትሪክ ይነኩ ነበር። አንዱ እጁ ይንቀሳቀስበታል፤ ሌላው ያለፈ ዘመን ዜማ ይሰማዋል። እጁ የተንቀሳቀሰበት ግን፣ ይህን ያደረጉት እርስዎ እንጂ እኔ አይደለሁም ይላቸው ነበር። ማመንን ወይም መቍረጥን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣ ስፍራ እንዳላገኙ፣ አእምሮም በአንጎል ሥራ ብቻ የሚገለጥ እንደማይመስላቸው፣ ሊሞቱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ጻፉ።

ከእርሳቸው በኋላ የተነሡ ብዙ ሊቃውንት ይህን አሳብ አልተቀበሉትም። ነፍስ መኖሯን የሚያምን ሰውም በዚህ ምስክርነት ብቻ ደስ ብሎት ያንኛውን ሊረሳ አይገባውም። ፈቃድ በኤሌክትሪክ አልተገኘም ያሉት እኒሁ ሰው፣ አንጎሏ የተቈረጠባት ሴት የፈቀደችውን እራት ለመፈጸም እንደ ተሳናት አስቀድመው ጽፈዋል። አንዱን ለመደገፍ ብለው ሌላውን አለመደበቃቸው የሊቅነታቸው ክብር ነው።

ከዚህም ለነፍስ አባትና ለቤተ ሰብ አንድ ምክር ይገኛል። ራሱን ተመትቶ የዳነ ሰው ጠባዩ ሲለወጥ፣ ሥራ ጀምሮ መጨረስ ሲያቅተው፣ ሰነፈ ወይም ከፋ ብሎ ለመፍረድ መቸኰል አይገባም። በውጭ የማይታይ ጠባሳ ይኖርበታልና፤ ከተግሣጽ በፊት ሐኪም እንዲያየው ማድረግ፣ የሚቀድመውንና የሚከተለውንም አጠገቡ ሆኖ ማሳየት ይሻላል።