የተወሰነ ነገር ኢንቦክስ ውስጥ አይቅር

ዛሬ ከቡድናችን አንዷ ልጅ ቀኑን ሙሉ የለፋችበት ሥራ ለካ ባለፈው ሳምንት ተሰርዟል። የክፍያ ገጹ እንዲቀር ሁለት ሰዎች በቴሌግራም ኢንቦክስ ተስማምተዋል፤ ጂራ ላይ ያለው ቲኬት ግን አልተነካም። እሷ ያመነችው ቲኬቱን ነው። ማመንም ነበረባት! አመሻሽ ላይ ፑል ሪኩዌስት ስትከፍት «አይ፣ ይሄ እኮ ቀርቷል» ተባለች። አንጀቴን በላችኝ።

አንዱ ጀሞ፣ አንዱ አዳማ፣ አንዱ ባሕር ዳር ሆኖ የሚሠራ ቡድን ቡና ላይ የሚሰማው ወሬ የለውም። ያልተጻፈ ነገር አልተወሰነም ማለት ነው። ቮይስ ደግሞ እንደ ጽሑፍ አይቆጠርም፤ ስንቴ ተባባልን? የዳታቤዙ አወቃቀር የተወሰነው የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» በሚልበት ረጅም ቮይስ ውስጥ ነው። ረዳቱ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ውሳኔውን ከወር በኋላ ፈልጋችሁ አግኙታ! ስላክም ቢሆን በነፃው ፕላን ከ90 ቀን በላይ የቆየ መልእክት አያሳያችሁም።

ይሄን ስጽፍ ሰኔ 2012 መጣብኝ። አገር ያዘነበት፣ ኢንተርኔትም ለሳምንታት የጠፋበት ክረምት። ስላኩ፣ ትሬሎው፣ ጉግል ዶክሱ ሁሉ ባንዴ ጸጥ አለ። የውጭ ደንበኛ «ጠፉ» ብሎ ሌላ ቡድን ሲቀጥር፣ እዚህ ያሉት ልጆች ይቅርታ የሚጠይቁበት መንገድ እንኳ አልነበራቸውም። ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ኮንትራታቸውን ላጡት ማንም ምንም አላለም።

ያኔ የተረፈልን ጊት ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲሠራው በየአገሩ ለተበተኑት የሊኑክስ ከርነል ሠራተኞች ብሎ ነው፤ ሪፖውን ክሎን ያደረገ ሰው የኮዱን ሙሉ ታሪክ ኮምፒውተሩ ላይ ይይዛል። ኢንተርኔት ሳያስፈልገን ኮሚት እናደርግ ነበር፤ ከዚያ በፍላሽ ከሰፈር ሰፈር። ያን ጊዜ ነው የሰው ጠባይ የታየው። «fix» ብሎ ያለፈውን ሰው ኮድ ለመረዳት ስልክ መደወል ግድ ነበር። አንዲት ልጅ ግን እያንዳንዱ ኮሚት ላይ ለምን እንደቀየረችው ጽፋ ስለነበር፣ ሥራዋን ሌላ ሰው ተቀብሎ ቀጠለበት። ፈጣሪ ይባርካት፣ የትም ብትሆን።

አሁን ደግሞ «ሌላ አፕ እንሞክር» የሚል አይጠፋም። ከትሬሎ ወደ ጂራ የተዛወርነው በዚሁ ምክንያት አልነበር? አፕ ማንንም አያስጽፍም። የሚያስጽፈው ኃላፊው ነው፤ እሱ ራሱ ኢንቦክስ ላይ እየወሰነ ጀማሪዎቹን «ቲኬት አዘምኑ» ቢል ማን ይሰማዋል? በዕድሜና በሥልጣን ትልቅ የሆነው ሰው ቀድሞ ይጻፍ። ጀማሪ ልጅ «ይሄ ተቀይሯል እንዴ?» ብላ አለቃዋን ለመጠየቅ ትፈራለች፤ ባህላችን ነው፣ እናውቀዋለን። ስለዚህ ሸክሙን እሷ ላይ አትጣሉባት።

ቡድን የምትመሩ ወንድም እህቶቼ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ኢንቦክሳችሁን ክፈቱና በዚህ ሳምንት እዚያ የወሰናችሁትን ቲኬቱ ላይ ገልብጡት። ምን እንደተወሰነና ለምን እንደሆነ፤ አንድ መስመር ይበቃል።